ሠራዊት ሳይዘምትለት የተስፋፋው ቋንቋ

በምዕራብ ህንድ፣ በጉጅራት ክልል፣ ጁናጋድ የምትባል ከተማ አለች። ከከተማዋ ወደ ጊርናር ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ይገኛል። በዚህ አንድ ድንጋይ ላይ የሦስት ነገሥታት ዘመን ጽሑፍ ተቀርጿል። የመጀመሪያው የአሾካ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ። ሁለተኛው የሩድራዳማን ነው፤ በ150 ዓ.ም. አካባቢ። ሦስተኛው የስካንዳጉፕታ ነው፤ በ5ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አሾካ ያስቀረጸው በፕራክሪት ነው፤ ሰዎች በየአካባቢያቸው ይናገሩት ለነበረው በቀረበ ቋንቋ። ሩድራዳማን ግን በሳንስክሪት አስጻፈ። ከእሱ በኋላ የመጡትም ተከተሉት። በአሾካና በሩድራዳማን መካከል ወደ 400 ዓመት ገደማ አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የህንድ ነገሥታት ለሕዝብ የሚናገሩበትን ቋንቋ ቀየሩ። ለምን?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። አሜሪካዊው የሳንስክሪት ሊቅ ፕሮፌሰር ሸልደን ፖሎክ ግን አብዛኛውን የምርምር ዘመናቸውን የሰጡት ለዚህና ለመሰል ጥያቄዎች ነው። በ2006 ያሳተሙት ዳጎስ ያለ መጽሐፍ፣ በአማርኛ «የአማልክት ቋንቋ በሰዎች ዓለም» ልንለው የምንችለው፣ ስለ ህንድ የባህልና የአስተሳሰብ ታሪክ የሚደረገውን ክርክር አቅጣጫ ያስቀየረ ሥራ ነው። መጽሐፉ ለማንበብ ቀላል አይደለም። ሐሳቡ ግን ግዕዝና አማርኛን ይዞ ላደገ አንባቢ በፍጹም ባዕድ አይሆንም። ስለዚህ እስቲ አብረን ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ወደ ሩድራዳማን ጽሑፍ ጠጋ እንበል። ወሬው ስለ ግድብ ነው። ሱዳርሻና የሚባል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነበር። በአሾካ አያት በቻንድራጉፕታ ዘመን ተሠራ፤ በአሾካ ጊዜ ደግሞ ቦዮች ወጡለት። ከዚያ በሩድራዳማን ዘመን ከባድ ዝናብና ዐውሎ ነፋስ መጣና ግድቡን ናደው። ጽሑፉ ልኩን ሳይቀር ይነግረናል፤ የተናደው ቦታ ርዝመቱ 420 ክንድ፣ ስፋቱም ያንኑ ያህል፣ ጥልቀቱ 75 ክንድ ነበር። የንጉሡ አማካሪዎች ጉዳቱን አይተው «ይሄማ አይሞከርም» አሉ። ሕዝቡም ግድቡ ተመልሶ አይሠራም ብሎ ዋይ ዋይ አለ። በመጨረሻ ሱቪሻካ የሚባል፣ ዘሩ ከፋርስ በኩል የሆነ አገረ ገዢ ሥራውን ያዘና ጨረሰው። ወጪው ከንጉሡ ግምጃ ቤት ወጣ። ሕዝቡ ላይ ተጨማሪ ግብርም ሆነ የግዳጅ ሥራ አልተጫነም።

እስከዚህ ድረስ ከሆነ ማንኛውም ንጉሥ የሚያስጽፈው ዓይነት ነው። የሚገርመው ስለ ንጉሡ ራሱ የሚለው ነው። ሩድራዳማን በጦርነት ማሸነፉን ይናገራል፤ ያ የተለመደ ነው። ከዚያ ግን በሰዋስው፣ በሙዚቃና በሎጂክ ዕውቀቱ ዝነኛ መሆኑን ይጨምራል። በስድ ንባብም በግጥምም ሲጽፍ ጥርት ያለ፣ ጣፋጭና ያማረ እንደሆነ ይነግረናል። ግድብ የሚጠግን ንጉሥ ስለ ሰዋስው ችሎታው ድንጋይ ላይ ያስጽፋል! ደግሞም ሩድራዳማን ከድሮ ጀምሮ ሳንስክሪት ሲጠብቅ ከኖረ ቤተሰብ የመጣ አይደለም። ዘሩ ሻካ ከሚባሉት፣ ከመካከለኛው እስያ ወደ ህንድ ከገቡት ሕዝቦች ነው። ባጭሩ መጤ ነው።

ይህን ለመረዳት ሳንስክሪት ከዚያ በፊት ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1,000 ዓመት በላይ የአምልኮ ቋንቋ ነበር። ቬዳዎቹ፣ ማለትም የብራህሚን ካህናት ቅዱሳት መዝሙሮች፣ በቃል እየተጠኑ የተላለፉት በእሱ ነው። የታችኛው መደብ ሰዎች እንዳይሰሟቸው እንኳ የሚከለክል ሕግ ነበር። ታላቁ ፓኒኒ ወደ 4,000 በሚጠጉ አጫጭር ደንቦች ሰዋስውን አስሮ ያስቀመጠው ለዚህ ለተከበረ ቋንቋ ነው። ነገር ግን ነገሥታት አዋጅ ሲያስነግሩ፣ ስጦታ ሲሰጡ፣ ድንጋይ ሲያስቀርጹ በሳንስክሪት አይደለም። ጥቂት አጫጭር ጽሑፎች አሉ፤ ከእነሱ ውጪ ሜዳው የፕራክሪት ነበር። ፖሎክ ደጋግመው የሚያሰምሩበት ነጥብ ይሄ ነው። ሳንስክሪት ለረጅም ዘመን ከአምልኮ ቤት ውጭ ድምፁ አልተሰማም ነበር።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ለብዙ ጊዜ የተሰጠው መልስ ቀላል ነበር። የቡድሃ እምነት ፕራክሪትን ይወድ ነበር፤ የብራህሚኖች እምነት ሲያንሰራራ ሳንስክሪትም አብሮ ተነሣ የሚል። ሲሰሙት ያሳምናል። ማስረጃው ላይ ሲደርስ ግን ይሰናከላል።

በማሃራሽትራ ግዛት ናናጋት የሚባል የተራራ መተላለፊያ አለ። እዚያ ባለ ዋሻ ግድግዳ ላይ የሳታቫሃና ሥርወ መንግሥት ንግሥት ያስጻፈችው ጽሑፍ ይገኛል። ጽሑፉ የቬዳ መሥዋዕቶችን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የፈረስ መሥዋዕት ሳይቀር አለ። ለካህናቱ የተሰጡ ላሞች፣ ፈረሶች፣ ዝሆኖች፣ ገንዘብ፤ ሁሉም ተቆጥሯል። ከዚህ በላይ የብራህሚን እምነት አለ? ግን የተጻፈው በፕራክሪት ነው! መሥዋዕቱ የቀረበው በሳንስክሪት ነው፤ ወሬው ለሕዝብ የተነገረው ግን በሌላ ቋንቋ። ሩድራዳማን ሁለት ጊዜ አሸነፍኩት ብሎ የሚፎክርበት ሳታካርኒ ደግሞ ከዚሁ ከሳታቫሃና ቤት ነው። እንግዲህ የቬዳ መሥዋዕት የሚያቀርበው አገር በቀሉ ሥርወ መንግሥት በፕራክሪት ሲጽፍ፣ መጤው በሳንስክሪት ጻፈ። የቡድሃ ተከታዮችም ቢሆኑ ብዙ ሳይቆዩ ወደ ሳንስክሪት ገብተዋል። የቡድሃን ሕይወት በረጅም የሳንስክሪት ግጥም የጻፈው አሽቫጎሻ የዚሁ ዘመን ሰው ነው። የሃይማኖት መነቃቃት የሚለው መልስ እዚህ ጋ አይሠራም። እኔን ከፖሎክ ሥራ በጣም ያሳመነኝ ክፍል ይሄ ነው፤ ማንም ሄዶ ሊያየው በሚችል ድንጋይ ላይ የቆመ ክርክር ስለሆነ።

ከሩድራዳማን በኋላ የሆነው በፍጥነት የሚያስገርም ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሳንስክሪት የሰሜን ህንድ ነገሥታት ሁሉ የሚወደሱበት ቋንቋ ሆነ። በዚያው አልቆመም፤ ባሕር ተሻገረ። በ400 ዓ.ም. ገደማ በቦርኒዮ ደሴት ሙላቫርማን የሚባል ንጉሥ በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ በሳንስክሪት አስጻፈ። የዛሬዎቹ ቬትናም፣ ካምቦዲያ፣ ጃቫ ተከተሉ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በካምቦዲያ የአንግኮሩ ንጉሥ ራጄንድራቫርማን ከ200 በላይ አርኬ ያላቸውን ረጃጅም የሳንስክሪት ግጥሞች በድንጋይ ላይ አስቀረጸ። ፖሎክ ይህን ሰፊ ግዛት በሙሉ የሳንስክሪት ዓለም ይሉታል። ከአፍጋኒስታን ተራሮች እስከ ጃቫ። ዕድሜውን ከ300 እስከ 1300 ዓ.ም. ያደርጉታል። በግምት 1,000 ዓመት ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ይህን ሁሉ አገር ወርሮ ሳንስክሪት ያስገባ ጦር የለም። ንጉሠ ነገሥት የለም። ሁሉንም ያቀፈ አንድ ሃይማኖት የለም፤ የሺቫ፣ የቪሽኑ፣ የቡድሃ፣ የጄይን ተከታዮች ሁሉ ጽፈውበታል። ሳንስክሪት የማንም ብሔር የቤት ቋንቋ አልነበረም። ያስፋፉት ነጋዴዎች፣ ካህናት፣ መነኮሳትና ጀብደኞች ናቸው፤ የተቀበሉት ደግሞ ፈልገው ነው።

ፖሎክ ይህን ከሮም ጋር ያነጻጽሩታል። የላቲን ቋንቋ የሄደው ከሌጌዎን ጦሩ ጋር ነው። ሕግ፣ ግብር፣ አስተዳደር ይዞ ሄደ። በደረሰበት የነበሩ ቋንቋዎች ብዙዎቹ ጠፉ። ኤትሩስካን ጠፋ፣ ኦስካን ጠፋ፣ በፈረንሳይ ምድር ይነገር የነበረው የጎል ቋንቋም ጠፋ። ሳንስክሪት የደረሰበት ግን የካምቦዲያው ክመርም፣ ጃቫኛም፣ የደቡብ ህንዱ ታሚልም አልጠፋም። ጭራሽ መጻፍ የጀመሩ አሉ።

ይህ አብሮ መኖር እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፎቹ ላይ በደንብ ይታያል። የሥራ ክፍፍል ነበረ። የደቡብ ህንዶቹ የቾላ ነገሥታት ለቤተ መቅደስ ወይም ለገዳም መሬት ሲሰጡ ውሉን በመዳብ ሰሌዳዎች ላይ ያስቀርጹ ነበር። መጀመሪያ የሳንስክሪት ግጥም ይመጣል። የንጉሡ ዘር ከፀሐይ እንዴት እንደወረደ፣ አባቶቹ ምን ምን ጀብዱ እንደሠሩ፣ ዝናው እንዴት የዓለምን ዳርቻ እንዳዳረሰ ይተረካል። ከዚያ ቋንቋው ወደ ታሚል ይቀየራል። ወሬውም አብሮ ይቀየራል። መሬቱ የት ይጀምራል፣ በየትኛው ቦይ በኩል ያልፋል፣ በየትኛው መንደር ያዋስናል፣ ምን ምን ግብር ይከፈልበታል። ድንበሩ የተለየው ሴት ዝሆን እየነዱ ዙሪያውን በመዞር እንደሆነ ሳይቀር ይጻፋል። በካምቦዲያም እንዲሁ ነው። ውዳሴው በሳንስክሪት፣ የሩዝ ማሳውና የአገልጋዮቹ ዝርዝር በክመር። ነገሩ ዓለምን ስለሚያክል ዝና ሲሆን ሳንስክሪት፤ ስለ ማሳ ዳር ድንበር ሲሆን የአገሩ ቋንቋ። ፍርድ ቤት የሚያስኬደው ጉዳይ ሁሉም በሚገባው ቋንቋ ተጻፈ።

እዚህ ላይ አክሱም ትዝ ማለቷ አይቀርም። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀረጸው ዝነኛ ድንጋይ አንድን ዘመቻ በግዕዝም፣ በደቡብ ዓረቢያ ፊደልም፣ በግሪክም ይተርካል። መልእክቱ አንድ፣ አንባቢው ሦስት። በህንድ ግን ቋንቋዎቹ የሚካፈሉት አንባቢን ሳይሆን ጉዳይን ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሁለቱ ዓለማት ደግሞ የማይተዋወቁ አልነበሩም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕርና የህንድ ውቅያኖስ የነጋዴዎች መመሪያ አዱሊስንም፣ በጉጅራት ያለውን የባሪጋዛ ወደብንም ይገልጻል። ከህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ወደ አዱሊስ ይገባ እንደነበር ጽፏል። በሶኮትራ ደሴት ሆቅ በሚባለው ዋሻ ውስጥ ደግሞ ከህንድ የመጡ መርከበኞች ብራህሚ በሚባለው የጥንት የህንድ ፊደል የጫሯቸው ብዙ ስሞች ተገኝተዋል። እዚያው የአክሱም ሰዎች ጽሑፍም አለ። የሩድራዳማን ቤት ይገዛው ከነበረው የባሕር ዳርቻ ጋር የአክሱም ነጋዴዎች ግንኙነት ሳይኖራቸው አልቀረም ማለት ነው።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ኃይል ካላስገደዳቸው ነገሥታቱ ሳንስክሪትን ለምን መረጡ? የፖለቲካ ሳይንስ የለመደ ሰው ቶሎ ብሎ «ሥልጣናቸውን ቅቡል ለማድረግ ነዋ!» ይላል። ፖሎክ ይህን መልስ አጥብቀው ይቃወማሉ። አንደኛ፣ ሕዝቡ ሳንስክሪት አይሰማም፤ በማይሰማው ቋንቋ እንዴት ይሰበካል? ሁለተኛ፣ ይህ አስተሳሰብ የዘመናችንን ፖለቲከኛ ወስዶ የጥንት ንጉሥ ዙፋን ላይ ያስቀምጠዋል። የሕዝብን ፈቃድ የማግኘት ጭንቀት የእኛ ዘመን ጭንቀት ነው፤ የእነሱም እንደነበር ማስረጃ ሳናገኝ ልንጭንባቸው አንችልም።

የእሳቸው መልስ ውበት ነው። ሳንስክሪት በዚያ ዘመን ከአምልኮ ወጥቶ የግጥምና የኪነት ቋንቋ ሆነ። ደንቡ የተጣራ፣ የግጥም ምጣኔው የተለካ፣ ማጌጫው የተቆጠረ። በጉጅራትም በጃቫም የአንድ ቃል አገባብ አንድ ነው። ዝናው እንዲዘልቅና በቦታ እንዳይወሰን የሚፈልግ ንጉሥ፣ ስሙን የማይለወጥና የትም የሚነበብ ቋንቋ ውስጥ ያስቀምጣል። መንግሥት ማለት ግብርና ጦር ብቻ አልነበረም። መንግሥት የሚታይ፣ የሚሰማ፣ የሚያምር ነገርም ነበር። በትክክል የሚናገር ንጉሥ በትክክል የሚገዛ ንጉሥ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ለዚህ ነው ሩድራዳማን ሰዋስው ማወቁን ከድሎቹ ጎን ያስጻፈው።

ይህ በጣም ረቂቅ ከመሰለ፣ የጄይን ጸሐፍት የሚተርኩት አንድ ታሪክ አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጉጅራቱ ንጉሥ ጃያሲምሃ ጎረቤቱን የማልዋን መንግሥት ድል አደረገ። ከምርኮው ጋር መጻሕፍትም መጡ። ንጉሡ አንዱን አንስቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። የሰዋስው መጽሐፍ ነው፤ የጻፈውም የማልዋ ንጉሥ የነበረው ቦጃ ነው ተባለ። ቦጃ ከሞተ ቆይቷል፤ ግን ሊቅነቱ በህንድ ሁሉ የታወቀ ነበር። ጃያሲምሃ ቅር አለው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ የሚጽፍ ሊቅ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። የሁሉም ዓይን ሄማቻንድራ ወደሚባለው የጄይን መነኩሴ ዞረ። ሄማቻንድራም ከካሽሚር ስምንት የቀድሞ የሰዋስው መጻሕፍት እንዲመጡለት ለመነ። መጡለት፤ እሱም አዲስ ሰዋስው ጻፈ። ሲያልቅ መጽሐፉ በንጉሡ ዝሆን ላይ ተጭኖ፣ ጥላ ተይዞለት ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። ከዚያ ተባዝቶ ወደየአገሩ ተላከ። ጎረቤቱን በጦር ያሸነፈ ንጉሥ፣ በሰዋስው እስኪያሸንፈው ድረስ ድሉ ጎዶሎ ሆኖ ተሰምቶታል። ታሪኩ በዝርዝሩ ሁሉ እውነት ይሁንም አይሁን፣ ሰዋስው በቤተ መንግሥት የነበረውን ክብር ያሳያል። መጽሐፉም አለ፤ በምዕራፎቹ መጨረሻ የጃያሲምሃን ቤት የሚያወድሱ ግጥሞች አሉበት። የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ የፕራክሪት ቋንቋዎችን ሰዋስው ያስተምራል።

የፖሎክ ምርምር ሁለተኛ ትልቅ ክፍል የሚጀምረው የአገር ቋንቋዎች ብዕር ሲያነሡ ነው። እስከ አሁን የማሳ ድንበር ይቆጥሩ የነበሩት ቋንቋዎች አንድ ቀን ግጥም መጻፍ ይጀምራሉ። ጥሩ ምሳሌው ካንናዳ ነው፤ ዛሬ ባንጋሎር ባለችበት በካርናታካ የሚነገረው ቋንቋ። በድንጋይ ላይ መጻፍ የጀመረው በ5ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ግን ለ400 ዓመት ያህል የሰነድ ቋንቋ ሆኖ ቆየ። በ850 ገደማ በራሽትራኩታ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ በአሞጋቫርሻ ቤተ መንግሥት «ካቪራጃማርጋ» የሚባል መጽሐፍ ተጻፈ። በካንናዳ እንዴት ግጥም እንደሚጻፍ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። ደራሲው የሳንስክሪትን የግጥም ሕግ ይዞ ለካንናዳ ይሰፋዋል። የቱ ይሄዳል፣ የቱ አይሄድም፣ የሳንስክሪት ቃል ከአገሩ ቃል ጋር ሲጣመር መቼ ያምራል፣ መቼ ያስጠላል። የካንናዳ ምድርም ከካቬሪ ወንዝ እስከ ጎዳቫሪ ወንዝ እንደሆነ ይናገራል። ድንበር የሌለው የሳንስክሪት ዓለም ውስጥ አንድ ቋንቋ ድንበሩን አሰመረ።

ቆየት ብሎ በ941 ፓምፓ የሚባል ባለቅኔ ማሃባራታን በካንናዳ ጻፈ። ማሃባራታ የህንድ ትልቁ የጦርነት ታሪክ ነው፤ መቼቱ መላው ህንድ ነው። ፓምፓ ጀግናውን አርጁናን ከአሳዳሪው ከንጉሥ አሪኬሳሪ ጋር አንድ አደረገው። ግጥሙ ስለ አንዱ ሲናገር ስለ ሌላውም ይናገራል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይሄ ጨዋታ ወዲያው ይገባዋል። የፖለቲካ ትርጉሙ ግን ከጨዋታ ያልፋል። ለዓለም ሁሉ የነበረው ታሪክ ወደ አንድ ትንሽ መንግሥት ልክ ተሰፋ። በተመሳሳይ ጊዜ ገደማ በጃቫ ራማያና፣ ሌላው የህንድ ታላቅ ተረክ፣ በጃቫኛ ተጽፏል። ቀጥሎ ቴሉጉ መጣ፣ ከዚያ ማራቲ፣ ከዚያ ሌሎቹ።

እዚህም ፖሎክ የቆየ እምነት ይነካሉ። የአገር ቋንቋዎችን ሥነ ጽሑፍ የወለዱት ለድሃው ሕዝብ የቆሙ መንፈሳውያን ናቸው የሚለውን። በካርናታካ የዚህ እንቅስቃሴ ትልቁ ሰው ባሳቫ ነው፤ ግን እሱ የኖረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፓምፓ ከጻፈ 200 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ካንናዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግጥም ያመጣው የንጉሥ ግቢ ነው፤ የጻፉትም ሳንስክሪትን አበጥረው የሚያውቁ ሊቃውንት ናቸው። መንፈሳውያኑ የመጡት በኋላ ነው፤ እንዲያውም ያን የቤተ መንግሥት አጻጻፍ ለመቃወም። ይህ ለሁሉም ቋንቋ እኩል ይሠራል ብዬ ግን አላምንም። ማራቲን ካየን በ1290 የሂንዱዎቹን ቅዱስ መጽሐፍ የባጋቫድ ጊታን ማብራሪያ በማራቲ የጻፈው ድንያኔሽቫር የአምልኮ ሰው ነው፤ ከኋላው የቆመ ቤተ መንግሥት ያን ያህል አይታይም። በዚህ ነጥብ የሚተቿቸው ምሁራን አቅም ያለው ክርክር አላቸው።

በአውሮፓም በዚያው ጊዜ ላቲንን ገፍተው የወጡ ቋንቋዎች ነበሩ። እዚያ ግን ቋንቋ ቀስ በቀስ የብሔር መለያ ሆነ፤ ቋንቋ፣ ሕዝብና መንግሥት አንድ ላይ ተጣበቁ። በህንድ ከቅኝ ግዛት በፊት እንዲህ ያለ ትስስር አልተፈጠረም ይላሉ ፖሎክ። ካንናዳ የጻፈው ንጉሥ የካንናዳ ተናጋሪዎች ንጉሥ ነኝ ብሎ አልተነሣም። እንግዲህ ቋንቋ ሁሉ ባንዲራ መሆኑ የማይቀር ዕጣ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ተሞክሮ ለዘመናት ሠርቷል። ከዚህ ምርምር ለዛሬው ዓለም በጣም የሚጠቅመው ነጥብ ለእኔ ይሄ ነው፤ የቋንቋና የሥልጣንን ታሪክ በአውሮፓ ልክ ብቻ መስፋት እንደማይገባ በማስረጃ ያሳያልና።

አሁን ወደ ጸቡ እንምጣ። በ2001 ፖሎክ «የሳንስክሪት ሞት» የሚል ርዕስ ያለው ጥናት አወጡ። ርዕሱ ብቻውን ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ክርክሩ ግን ከርዕሱ ይልቅ የረቀቀ ነው። ሳንስክሪት ዛሬም ይጸለይበታል፣ ይማሩታል፣ ይጽፉበታል። ፖሎክ የሚጠይቁት አዲስ ነገር መፍጠር ያቆመው መቼ ነው ብለው ነው። አራት ቦታዎችን ይመረምራሉ። ካሽሚር አንዱ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካልሃና ድንቅ የነገሥታት ታሪኩን የጻፈበት ምድር፣ ብዙ ሳይቆይ ዝም አለ። ሁለተኛው ቪጃያናጋር ነው፤ በ1565 ዋና ከተማው የወደቀበት የደቡቡ ታላቅ መንግሥት። ሦስተኛው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት የሻህ ጃሃን ቤተ መንግሥት ነው፤ ጃጋንናታ የሚባል ባለቅኔ የነበረበት። ይህ ባለቅኔ ስለ ግጥም በጻፈው መጽሐፉ የሰው ምሳሌ አልዋስም፣ ምሳሌዎቹ ሁሉ የራሴ ናቸው ብሎ የኮራ ሰው ነው፤ ፖሎክ ከመጨረሻዎቹ ታላላቆች ይቆጥሩታል። አራተኛው ከእንግሊዝ አገዛዝ ዋዜማ የነበረው ቤንጋል ነው። የፖሎክ ድምዳሜ እንግሊዞች ገደሉት ወይም እስላሞች ገደሉት የሚለውን ተለምዷዊ ወቀሳ አይቀበልም። እንዲያውም ከ1550 እስከ 1750 ባለው ጊዜ ራሳቸውን «አዲሶቹ» የሚሉ የሳንስክሪት ሊቃውንት በሎጂክና በሰዋስው ትልልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ፖሎክም ይህን ዘመን የሚያጠና ሰፊ የምርምር ፕሮጀክት መርተዋል። የግጥሙ ዓለም የደከመው ግን ከውስጥ ነው፤ ያቆሙት ቤተ መንግሥቶች ሲፈርሱና ባለቅኔዎቹ ወደ አገር ቋንቋ ሲዞሩ።

በህንድ ብዙዎች ይህን እንደ ስድብ ወሰዱት። ፖሎክ የሳንስክሪት ጽሑፎች ውስጥ ያለውን የመደብ ጭቆና በግልጽ መጻፋቸውም ቁጣውን አባባሰው። በ2010 የህንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጥቷቸው ነበር። በ2015 ደግሞ እሳቸው በዋና አዘጋጅነት ይመሩት የነበረው የህንድ ጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ ተከታታይ መጻሕፍት መውጣት ጀመረ። ሮሃን ሙርቲ የሚባል ወጣት 5.2 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶበት፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የሚታተም ነው። በአንድ ገጽ ዋናው ጽሑፍ በራሱ ፊደል፣ ፊት ለፊቱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይቀመጣል። ፓሊ፣ ፑንጃቢ፣ ቴሉጉ፣ ፋርስኛ፣ የጥንቱ ሂንዲ በመጀመሪያዎቹ ቅጾች ተካተዋል። ሆኖም በ2016 መጀመሪያ 132 ህንዳውያን ምሁራን ፖሎክ ከዚህ ኃላፊነት እንዲነሡ የሚጠይቅ ደብዳቤ ፈረሙ። ሙርቲ አልተቀበለም፤ ፖሎክ ቀጠሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ከሥራቸው ጋር መከራከር ተገቢ ነው፤ ግን መከራከር የሚቻለው ጽሑፎቹን አንብቦ ነው። ጽሑፎቹን ለሚያስነብብ ሰው በር መዝጋት ለሳንስክሪት የሚጠቅም አይደለም።

ጠንካራው ተቃውሞ ከፊርማ ሳይሆን ከሰነድ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውም ማስረጃ እኛንም ይነካል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በደካን ምድር የማራታ መንግሥትን ያቆመው ሺቫጂ በ1674 ሲነግሥ ሳንስክሪትን ሆን ብሎ ወደ ቤተ መንግሥት አስገብቷል። ማኅተሙ በሳንስክሪት ነው። በአስተዳደር ውስጥ የገቡትን የፋርስኛ ቃላት በሳንስክሪት የሚተካ መዝገበ ቃላት አስዘጋጅቷል። ፓራማናንዳ የሚባል ባለቅኔ ደግሞ የሺቫጂን ታሪክ በረጅም የሳንስክሪት ግጥም ጽፎለታል። በዚያ ግጥም ውስጥ የሺቫጂ አባት ሻህጂ ከተዋጋባቸው ጦርነቶች አንዱ የ1624ቱ የባትቫዲ ጦርነት ይተረካል። የጦሩ መሪ ማሊክ አምባር ነው፤ በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በባርነት ተሽጦ፣ በመጨረሻ የአህማድናጋርን መንግሥት የመራው ሰው። ሻህጂና ሌሎቹ አለቆች በማሊክ አምባር ዙሪያ መሰለፋቸውን ባለቅኔው የጦር አምላክ በአማልክት ተከብቦ ከመዝመቱ ጋር ያመሳስለዋል። አንድ ኢትዮጵያዊ በሳንስክሪት ውዳሴ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ያውም ፖሎክ ሳንስክሪት ደክሟል በሚሉበት ክፍለ ዘመን። ተቺዎቹ ይህን ይዘው ቋንቋው ገና ለነገሥታት ይሠራ ነበር ይላሉ። ለፖሎክ የሚከራከሩት ደግሞ የአንድ ቤተ መንግሥት ጥረት ከጉጅራት እስከ ጃቫ የተዘረጋውን የድሮውን ዓለም አይመልስም፤ ሺቫጂ ሳንስክሪትን በአዋጅ መመለስ ማስፈለጉ ራሱ የመድከሙ ምልክት ነው ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ አልተዘጋም።